ሦስት ጋን ባንድ እሳት

ኅዳር 9
ዛሬም አረቄ ሳወጣ ዋልኩ። ጭሱ ዓይኔን አነደደው። ጤና ጣቢያ ያሉኝ ትዝ አለኝ... “ከጭሱ ካልራቅሽ ዓይንሽ አይድንም።” ከጭሱ ርቄ ምን ልብላ?

ኅዳር 12
የኢነርጂ ባለሙያዋ መቅዲ ከደብረ ኤልያስ መጣች። እኔና ጎረቤቶቼ እማማ ደብሪቱና ሥራነሽ አጥር ለአጥር ሆነን ሦስት ቦታ እሳት ስናነድ አይታ ተገረመች። “አንድ ረጅም የጭቃ ምድጃ ብትሠሩ ባንድ እሳት ሦስት ጋን ይፈላል። ጭሱም ከላይ በማውጫው ይሄዳል” አለች። እንጨቱም ይቀንሳል። ግን ሦስቱም ጋን አብሮ ካልተጣደ ሙቀቱ በከንቱ ነው የሚቀረው።
እማማ ደብሪቱ እሺ አሉ። ሥራነሽ ግን... ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን።

ኅዳር 13
እንደምንም ብዬ ሥራነሽ ቤት ሄድኩ። ከደጃፏ አላሳለፈችኝም።
“የብርጓል፣ መጀመሪያ ባሕር ዛፍሽን ከድንበሬ አንሺ። ጌሾዬን አድርቆ ጨረሰው።”
“ለማገዶ ብዬ እኮ ነው የተከልኩት።”
“እኔስ ጌሾውን ለጌጥ ነው?”
እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር።

ኅዳር 15
አሥራ አንዱንም ዛፍ አስቆረጥኩ። ሥራነሽ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየች። “ጉቶውስ? ተመልሶ ያቆጠቁጣል” አለችና ገባች። ተናደድኩ። በጣም!

ኅዳር 18
ጉቶ ስነቅል ሦስተኛ ቀኔ። መዳፌ ተላጠ። ወገቤማ...
እማማ ደብሪቱ “ተይው ልጄ፣ ለሁለት እንሠራለን” አሉኝ።
“አይሆንም እማማ። እርስዎም ሰምተዋታል መቅዲን፤ ሦስት ካልሆንን ምን ዋጋ አለው?”
አራት ጉቶ ቀረኝ።

ኅዳር 20
የመጨረሻውን ስታገል ሰው ዶማውን ከእጄ ወሰደው። ሥራነሽ። እሷ ቆፈረች፣ እኔ ሥሩን ጎተትኩ።

ታኅሣሥ 14
ሦስታችን የሠራነው ምድጃ ደረቀ። አነደድን። የእኔና የእማማ ፈላ። ዳር ላይ ያለው የሥራነሽ ጋን ግን ለብ ብሎ ቀረ። አሁን ትታን ትሄዳለች አልኩ።
አልሄደችም! ጎንበስ ብላ ከሥር አየችው። “ነበልባሉ የኔን ጋን ሳይነካው ነው የሚያልፈው። ወለሉን በጭቃ ከፍ እናድርገው።” መቅዲ ጋ ደወልኩ። “ልክ ናት፣ ሞክሩት” አለች።

ታኅሣሥ 19
ፈላ። ሦስቱም!

ጥር 25
አራት ቀን በትኩሳት ተኛሁ። ድፍድፌ ሊበላሽ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ሥራነሽ ወስዳ አውጥታልኛለች። ዛሬ በጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። ቀመስኩት። ከእኔ እጅ ይበልጣል... ሃያ ዓመት አረቄ ሳወጣ ኖሬ! ጠርሙሱን ከድኜ አስቀመጥኩት። ልትወጣ ስትል ግን አላስቻለኝም።
“ሥራነሽ... ከእኔ ይሻላል።”
ዞር አለች። “እሳት ታበዢበታለሽ፣ ለዚያ ነው። ሲሻልሽ ነይ፣ አሳይሻለሁ።”
ትኩሳቱ ለቆኛል። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።