በገደሉ ሽንኩርት ላይ የማን ስም ይጻፍ?

ጥር 4

ዛሬም አቧራ። እዚህ ዐረብ አገር ከጦርነቱ የተረፉትን የክፍላችንን የደረቁ ዕፅዋት ሳጥኖች ስንከፍት ዋልን። የአይጥ ሽንት፣ ሻጋታ... ምሳ አልወርድ አለኝ። የዱር ሽንኩርቷ ግን ተርፋለች! ከነሥሯ፣ ወረቀቷ ላይ እንደተሰፋች። ከሰሜኑ በረሃ ገደል የመጣች ሌላ ናሙና የለችንም። ጥጉ ላይ መግለጫዋ፦ «ሰብሳቢ፦ ሙሐመድአወል»። ሹፌራችን ነበር፣ የወሎ ሰው። በገመድ ወርዶ ነው ያወጣት። አምና ሞተ።

ጥር 6

ዶክተር ሂሻም፣ አለቃዬ፣ መጡ።

«ሙላቷ፣ ይህ መግለጫ ቆሽሿል። ላጪውና አዲስ ጻፊ። ሰብሳቢ፦ ሂሻም።»

«ሙሐመድአወል አይደለም እንዴ?»

«ሱዋግ ነበር እኮ! የሹፌር ስም መጽሐፍ ላይ ይወጣል? ያላ!»

መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው ለካ። ሽንኩርቷ የወጣች ቀን እኔም ነበርኩ፤ እሳቸው ሙቀቱ ያመኛል ብለው ከመኪና አልወረዱም።

በእኛ ሥራ አሮጌ መግለጫ አይነሣም። ስሕተት እንኳ ቢኖር አራሚው ከጎኑ ሌላ ወረቀት ይለጥፋል፣ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? በውሃ አርሼ ላጥሁት። ዶክተሩ ተቀብለው ቀዳደው ጣሉት። አዲሱን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ... ቱ!

ጥር 7

እጄን ስታጠብ ዋልኩ። የቀፈፈኝ ሙጫው አይደለም።

ጥር 10

የሙሐመድአወል ልጅ አሚና ደወለች። እዚሁ ከተማ፣ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች።

«እትዬ ሙላቷ፣ ሐሙስ ፈቃድ አለኝ። ሽንኩርቷ ላይ ያለውን የአባዬን ስም ፎቶ ላንሣ? ቤታችን ተቃጥሎ የእሱ የሆነ ምንም የለኝም።»

«ነይ፣ ኢንሻላህ» አልኩ። አፌ እንዴት እሺ አለኝ? ነገ ጥምቀት ነው... በየትኛው ፊቴ?

ጥር 14

አሚና ሳትደርስ ከሂሻም መግለጫ ጎን ወረቀት ለጠፍሁ፦ «ሽንኩርቱን ከገደል ያወጣው ሙሐመድአወል ነው። ስሙ ያለበትን መግለጫ የላጥሁት እኔ ነኝ። ሙላቷ፣ ጥር 14።»

ፎቶዋን እያነሣች ሂሻም ገባ። አነበበው። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«አንሺው!»

«አላነሣም።»

«ኻላስ! ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

የክፍሉን ቁልፍ እፊቱ አኖርኩለት። አየሁት፤ ዶክተር ማለት እንኳ አስጠላኝ።

ውጭ ስንቆም አሚና ስልኳ ላይ ፎቶውን ደጋግማ አየች።

«የላጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ጽሑፉን በጣቶቿ አጎላችው። «ይህችን የእርስዎን መስመር ከፎቶው ልቁረጥልዎት?» አለችኝ።

«ተዪው፣ ልጄ» አልኳት። «ይኑር።»