ተገልብጦ የተቀመጠ ድንጋይ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ይድረስ ለግትሩ ታናሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ድንጋይ መሸከም የሰለቸው ወገቤ ብቻ ነው። አባዬ ግን ደህና አይደለም፤ ልሸነግልህ አልችልም። ሐኪሙ «ቤታችሁ ውሰዱት» ካለን ወዲህ እህል የሚቀምሰው ለእኔ ብሎ ነው። በስልክ «ልምጣ? ይቅር ብሎኛል?» ስትለኝ «እጽፍልሃለሁ» ብዬህ ነበር። አሁን መልሱ አለኝ፤ ባይኖረኝ ይሻል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዬ፣ ወደ ድንጋይ ናሙናው መጋዘን፣ ልወጣ ስል ጠራኝና «ያንን ድንጋይ አምጪልኝ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ከጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣ ናሙና መሃል የትኛውን ብዬ አልጠየቅኩም። የተጣላችሁበትን ነው፤ ክንድ የሚያህለውን፣ ግማሹ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ ግማሹ ጥቁር የጭቃ ድንጋይ የሆነውን።

ነገሩን እኔም እንዳንተ በቃሌ እወጣዋለሁ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ለሥነ ምድር ተማሪዎቹ ያስተማረው ጥቁሩ ከታች፣ ነጩ ከላይ ነው ብሎ ነው። ጥልቁ ባሕር በጭቃ ተሞላ፣ ብርሃን ወለሉ ላይ ደረሰ፣ ዛጎል በዛጎል ላይ ተከምሮ ነጭ ድንጋይ ሆነ። አንተ ደግሞ ራት ላይ አፍህን ከፍተህ «የለም፣ የቀደመው ነጩ ነው» አልክ። ጥልቀት በሌለው ሙቅ ባሕር ዛጎሉ እየተከመረ ሳለ ምድር ተለጥጣ ተሰነጠቀች፤ ወለሉ ከነዛጎሉ ቁልቁል ወረደ፤ ብርሃን ራቀው፣ ጭቃ ቀበረው። «ድንጋዩ ሳጥን ውስጥ የገባው ተገልብጦ ነው» አልክ።

በዚህ ብቻ ቢሆን ሲከራከርህ ያድር ነበር። ግን ድንጋዩን ከጉድጓዱ ሲወጣ ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ያስገባችው እማዬ ናት፤ ያኔ ደግሞ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። «እናትህ በእንቅልፍ ልቧ እንኳ ላይና ታች አይጠፋትም፤ ውጣልኝ» አለህ። ወጣህ።

ድንጋዩን አምጥቼ አልጋው ላይ አስቀምጬ በእርጥብ ጥጥ አበስኩለት፤ ካልረጠበ ምን ይታያል። በማጉያ መነጽሩ ድንጋዩ ውስጥ ያለችውን ዛጎል ፈለጋት። ልጆች ሳለን ያሳየንን ታስታውሳለህ? ባዶ ዛጎል ውስጥ የገባ ጭቃ ከታች ይረጋል፤ ከላይ የቀረውን ክፍተት ኋላ ነጭ ክሪስታል ይሞላዋል። «ላዩ የቱ እንደሆነ ዛጎሏን ጠይቋት» ይለን ነበር። ድንጋዩ እማዬ እንዳስቀመጠችው ሲሆን እዚህች ውስጥ ጭቃው ከላይ ነው። ሁልጊዜም ከላይ ነበር። ሰውየው ሌላውን ዛጎል ሁሉ ጠይቆ እሷን ብቻ አልጠየቃትም።

ማጉያውን አስቀመጠ። ከዚያ ድንጋዩን ገለበጠው፤ ነጩ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ ሆነ።

«ወለሉ ወርዷል» አለ ቀስ ብሎ። «ልጁ ልክ ነው።»

ስልኬን አነሳሁ። «እንግዲያው ልጥራው?» አልኩት።

አላየኝም። እማዬ በቀይ ቀለም የሳለችው፣ ላዩን የሚያመለክተው ቀስት አሁን ቁልቁል ያያል። በአውራ ጣቱ ደባበሰው። ከዚያ ድንጋዩን መልሶ እንደነበረው አደረገው።

«እሷ እንዳስቀመጠችው መልሺው» አለኝ። «እሱ ከመጣ መናገሩ አይቀርም። ተሳሳተች ሲባል እየሰማሁ አልሞትም።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መልሱ ይኸው ነው ወንድሜ። ልክ ነህ፤ እሱም ያውቃል፤ አይጠራህም። ተናድጄበታለሁ። ጀርባውን ሳሽለት ሁሉ እንደተናደድኩ ነው።

ትናንት ድንጋዩን መጋዘን መለስኩት። አጠገቤ ማንም አልነበረም፤ በትክክሉ ላስቀምጠው እችል ነበር። ቀስቱን አየሁት። ጫፉ ላይ ቀለሙ ወርዶ ደርቋል፤ ብሩሹን አብዝታ ነበር የምትነክረው። እሷ እንዳስቀመጠችው አስቀምጬ ክዳኑን ገጠምኩት።

አንተ ራስህን ጠብቅ፤ ደረቅ ነገር ብቻ እየበላህ አትዋል። ፈጣሪ በሄድክበት ይከተልህ፤ የሚሰማህ ሰው አያሳጣህ። ከአሁን በኋላ እጽፍልሃለሁ እንጂ አልደውልም፤ እኔ የደወልኩልህ ቀን ለቀብሩ ልጠራህ እንደሆነ ታውቀዋለህ።

እህትህ