ሂጂ እና ሕጂ

አስመራ፣ ጎዳይፍ
ኅዳር 18 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለምፈራዎት አባቴ፣ ለግራዝማች ገብረመድኅን
ዳባት

የዓይንዎ ነገር እንዴት ከረመ? ላቀች የግራው ጨርሶ ሞራ እንደ ሸፈነው፣ የቀኙም እየተከተለው እንደ ሆነ፣ እርሷንም በድምፅዋ እንጂ በመልኳ መለየት እንደ ተሳነዎት ጽፋልኝ አለቀስኩ። አልቅሼ ግን አልተቀመጥኩም። እዚህ ሆስፒታል ሞራ የሚገፍ ሐኪም አለ፤ ሄጄ አነጋግሬዋለሁ፣ "ሳይዘገይ ይምጡ" ብሎኛል። እንግዲህ ይህ ወረቀት ስለ ማኪና የሚያወራ ቢመስልዎትም ስለ ዓይንዎ ነው።

ላቀች እኅቴ፣ አንቺ ደግሞ ስታነቢላቸው አትዝለይ። "ቀጥቃጭ" የሚለው ቃል ሲመጣም ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ።

በአውቶቡስ ይምጡ ብልዎት "ከዶሮና ከጆንያ ጋር ታጭቄ ሊማሊሞን አልወርድም" አሉ። እውነትዎን ነው። ስለዚህ ባሌ ሃብተሚካኤል ማኪና ገዛ። አዎ፣ ማኪና! የዳባት ሰው ሁሉ ይስማ።

የአሜሪካን ማኪና ናት፤ ከአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ከቃኘው ወደ አገሩ ሊመለስ የተሰናዳ አንድ ወታደር በብረት ዋጋ ሸጠልን። ለምን በብረት ዋጋ ቢሉኝ፣ አትሄድማ! ሞተሯ ይጮኻል፣ እርሷ ግን እንደ ግትር በቅሎ ንቅንቅ አትልም። በዚያ ላይ ፍሪሲዮን የላትም። የአስመራ ሾፌር ደግሞ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ካልረገጠ የነዳ አይመስለውም። ፌርማታው ላይ የሚቆሙት ሾፌሮች ሁሉ "ታዲያ ግራ እግራችንን የት እናኑረው?" እያሉ ሳቁብን። ሃብተሚካኤል ብቻ ዞሮ ዞሮ አያትና "እወ፣ ይቺ ትድናለች" አለ።

በሽታዋን ልንገርዎት። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል፣ በፍሪሲዮን ፈንታ፣ ዙሪያው የተዘጋ ክብ ብረት አለ፤ ሆዱ ዘይት ብቻ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር ይሉታል፤ ድፎ ዳቦ ስለሚመስል እኔ ድፎው እለዋለሁ። ውስጡ ሁለት መዘውሮች ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ ዘይቱን ይወረውራል፣ የተወረወረው ዘይት ደግሞ ሌላውን ያዞራል፣ ማኪናውም ይሄዳል። የእኛ ድፎ ሆዱ ውስጥ ተሰባብሮ ነበር። አዲሱን ከባሕር ማዶ ማስመጣት በእኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም። ሃብተሚካኤል አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ከመደበር ሲፈልግ ሰንብቶ፣ ከኋላዋ ተገጭታ የተጣለች መሳይዋን አገኘ። የእርሷን ድፎ ፈትቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጎዳይፍ ድረስ በእግሩ መጣ። "እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እገጥመዋለሁ" አለ።

የሰማ ሁሉ ሳቀ። ቃኘው ውስጥ ማኪና የሚጠግነው ጓደኛው ሐጎስ ብቻ አልሳቀም። "ወደ ካምቢዮው ሲገባ ሦስት ጊዜ ጧ ይላል። ሦስተኛዋን ሳትሰማ ብሎን እንዳታጠብቅ፤ ካምቢዮው ከውስጥ ይሰበርና ማኪናዋ አበቃላት" አለው። ሻሂ እየቀዳሁ እኔም ሰማሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐጎስ ሊያግዘው ቀጥሮ ቀረ። "እኔ አለሁልህ" አልኩት። "ይሄ የሴት ሥራ አይደለም" አለኝ። አኮረፍኩ። ሌላ ሰው ስላልነበረ ግን ገመዱን ሰጠኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በማኪናዋ በሮች መካከል የባሕር ዛፍ አጣና አጋድመን፣ ገመዱን በአጣናው ላይ አዙረን፣ በወለሉ ቀዳዳ አውርደን ካምቢዮውን ከሥር አንጠልጥለነዋል። ድፎው ከካምቢዮው አፍ ላይ ገብቷል። እሱ ከታች ተንጋሎ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ እኔ ከላይ እስባለሁ። "ስልሽ ሳቢ" አለኝና ገባ።

ከዚያ ከሥር ሆኖ "ሕጂ!" ብሎ ጮኸ።

አባባ፣ በእነሱ ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ "ሕጂ" ማለት "አሁን" ማለት ነው። ከጉሮሯቸው ያወጡታል እንጂ ከእኛው "ሂጂ" አይለይም። ትርጉሙ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከተጋባን ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው። ግን ያኮረፈ ጆሮ የእናቱን ቋንቋ ነው የሚሰማው። "ሂጂ" ያለኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ገመዱን እንደ ነገሩ አጣናው ላይ አሰርኩና ወርጄ ወደ ቤት ገባሁ።

"ሕጂ! ኣንቲ፣ ሕጂ!" ይላል ከታች።

"ሄድኩልህ! ከዚህ ወዲያ የት ልሂድ?" እላለሁ ከጓዳ።

ጎረቤታችን ኣስካሉ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ወርቅውሃ! ባልሽን ብረት ሊበላው ነው፤ 'አሁን' ነው እኮ የሚልሽ!" ባትለኝ ጉድ ሆኜ ነበር።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ገመዱ ላልቶ፣ ካምቢዮው አዘንብሎ፣ ድፎው ተንሸራቶ ወጥቷል። ሃብተሚካኤል ያን ሁሉ ብረት በደረቱና በጉልበቱ ደግፎ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ የሚቆጣበት ትንፋሽ እንኳ አልነበረውም። ገመዱን ስቤ አጠበቅኩና ቀሚሴን ሰብስቤ ከሥር ገባሁ። በዚያች ጠባብ ክፍተት የሚገባው እጅ የእኔ ብቻ ነበር። ድፎውን እየገፋሁ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ጧ አለ። እንደገና ጧ አለ።

"ጽቡቕ፣ ገብቷል! ብሎኑን አቀብዪኝ፣ ክንዴ ሊከዳኝ ነው።"

"አልገባም። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።"

"ገብቷል እልሻለሁ!"

"የግራዝማች ገብረመድኅን ልጅ ነኝ፤ ሁለቱን ሦስት ነው አልልም!"

እመብርሃንን ጠርቼ ገፋሁት፣ አዞርኩት። ጧ! እስከ ክርኔ ዘይት ሆኜ እዚያው ተንጋልዬ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። አባባ፣ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞተሩን አስነሣ፣ ማርሽ አስገባ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ። ሄደች! እስከ ፓራዲዞ ሰፈር ደርሰን ተመለስን፤ አቀበቱን ስንወጣ ኣስካሉ ከኋላ ወንበር እልልታዋን አቀለጠችው። እነዚያ የሳቁብን ሾፌሮች ፌርማታው ላይ ቆመው አፋቸውን ከፍተው አዩን። እኔም ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ደህና አድርጌ አየኋቸው። ሃብተሚካኤል ያገኘውን ሰው ሁሉ "የገጠመችው ሚስቴ ናት" ይላል። "የሴት ሥራ አይደለም" ያለውን ማን ያስታውሰው!

እንግዲህ ከጥምቀት በፊት እንመጣለን። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል።

እሱን ላገባ እንደ ሆነ የነገርኩዎት ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ "ልጄ ለቀጥቃጭ! እንግዲያው ሂጂ!" አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ከማኪናው ሥር የሰማሁት የባሌን ድምፅ አልነበረም፤ የእርስዎን ነበር። እዚህ ከተማ ያቺን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እሰማታለሁ፤ አንዳንዴ ዛሬም ያመኛል። እርስዎ ቃልዎን አያጥፉም፤ "ካፍ ከወጣ አፋፍ" እያሉ ነው ያሳደጉን። እኔም ያጥፉልኝ ብዬ አልለምንዎትም።

ከደጅዎ ደርሰን ክላክስ ስናሰማ ጋቢዎን ደርበው፣ ላቀችን ተደግፈው ይውጡ። እዚያው የዚያን ዕለት የቆሙበት ቦታ ይቁሙና ያችኑ ቃል፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። ሃብተሚካኤል በራሱ ቋንቋ ይሰማታል፤ የፊተኛውን በር ከፍቶ ይይዝልዎታል። እኔም ከእንግዲህ እንደ እሱ እሰማታለሁ።

የዓይንዎን ብርሃን የሚመልስ አምላክ እስክንደርስ ድረስ ይጠብቅልኝ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ ወርቅውሃ ገብረመድኅን፣
የቀጥቃጩ ሚስት