ጋሽ ሐረጉና የአንድ ትንፋሽ ፊደል

ጋሽ ሐረጉ በ1946 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ተማሪ ሳሉ የጓደኞቻቸውን ሁሉ ስም በየደብተሩ ሽፋን ላይ አሳምረው ሲጽፉ የራሳቸው ደብተር ባዶ እየሆነ ብዙ ኩርኩም ቀምሰዋል።

በ1965 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት ተቀጥረው የሠርግ መጥሪያ፣ የምስክር ወረቀትና የሱቅ ማስታወቂያ በእጃቸው ይጽፉ ጀመር። የፊደሎቻቸው ጭራ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ባልደረቦቻቸው “ሐረጉ” አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

በ1971 ዓ.ም. የማተሚያ ቤቱን ጠራዥ አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ቤታቸው ግን እንደ ሰው ቤት አልነበረም! ጋሽ ሐረጉ አንዱን ፊደል ከራሱ እስከ ጭራው በአንድ ትንፋሽ ካልጻፉት ወረቀቱን ቀደው ይጥሉታል። ስለዚህ ብዕሩ ወረቀት ሲነካ ባለቤታቸው የድስት ክዳን እንዳንጠለጠሉ፣ ወንድ ልጃቸው አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንደከተተ ድርቅ ብለው ይቆማሉ። ያስነጠሰ ወዮለት!

ጡረታ ሲወጡ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነችው ሴት ልጃቸው ማንም ሰው ለመጥሪያና ለጌጥ ጽሑፍ እንዲጠቀምበት የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ፎንት የሚባል የኮምፒውተር ፊደል ልታደርገው ተነሣች። ጋሽ ሐረጉም ፊደላቱን በየተራ ጻፉላት። ጭራው ከሁሉም ስለሚረዝም ለመጨረሻ ያቆዩት አንድ ፊደል ብቻ ሲቀር የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሙ ትንፋሽ መያዝን ጨርሶ ከለከሏቸው። እሳቸው ሥራዬ ጎዶሎ ከሚቀር ሞቴን እመርጣለሁ አሉ። ባለቤታቸውም እኔ ፊደል አላገባሁም ብለው ቀለሙን ደበቁ። ባልና ሚስት ተኮራረፉ፤ ልጆች መሃል ገብተው መግቢያ መውጫ ጠፋቸው። ሴት ልጃቸው ፊደሉን ከፋፍለው ቢጽፉት በኮምፒውተር እንደምትቀጥለው ብትለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ትንፋሻቸው ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ያጥር ነበር።

አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ቀለሙን ከደበቁበት አውጥተው ብልቃጡን ራሳቸው ከፈቱላቸው። እያለቀሱም “በል እንግዲህ ጻፍ። ግን መሃል ላይ ትተነፍሳለህ፤ እምቢ ካልክ እደፋዋለሁ” አሉ። ጋሽ ሐረጉ ጀመሩ። ሁሉም ባለበት ቆመ። ጭራው አጋማሽ ላይ ፊታቸው ጠቆረ፤ ባለቤታቸው ትከሻቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ጋሽ ሐረጉ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሡ፣ ተነፈሱ፣ ከዚያም ጨረሱት። ልጃቸው በመሃል የቀረችውን ክፍተት ልትደፍናት ስትል ግን ከለከሏት፦ “ተያት። እዚያ ጋ ለእናትሽ ስል ነው የተነፈስኩት።”

ጋሽ ሐረጉ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን፤ ለባለቤታቸውም የዛሬውን የቤታቸውን ዝምታ የሚችሉበት ጉልበት ይስጥልን።