ልጅህን ከቤት አላባረርኳትም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለገሠሠ፣ ደብረ ብርሃን።

ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ አስቀድሜ አንድ ነገር ላቃና። ልጅህን አቢጊያን በዝናብ ከቤት አላባረርኳትም። «ማናልሞሽ እኮ አረጀች፣ የወንድሟን ልጅ ደጅ አውጥታ አስለቀሰቻት» የሚለው ወሬ ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ አንተ ዘንድ መድረሱን ሰምቻለሁ። አንተም ለኅዳር ሚካኤል መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ ማለትህን ሰምቻለሁ። በስልክ አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፤ ስለዚህ በብዕር ይሁን ብዬ ተቀመጥሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ሰነበትህ? የደብረ ብርሃን ውርጭስ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህን ተሻለህ? ሕመሙ ትንሽ ቀለል ሲልህ መድኃኒቱን እንደምትተወው ከዚህ ሆኜ አውቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ያነባል፣ የቀረው ጥርሴም ይበቃኛል። ዝናቡ ግን ኅዳር ገብቶም አልወጣልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፒ አጠገብ ያለ አንድ የቡና ድርጅት አቢጊያን ለቃለ መጠይቅ ጠራት፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቷንም እንደሚጠይቋት ነገሯት። አንተ ደግሞ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሥራ ካላገኘች መጥታ ሱቄ ትቀመጥ ብለሃል። ልጅቱ ሱቅህን አልናቀችም። ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት ስለ ቡና ተምራ ምስማር መመዘን ቅር እንደሚላት ፊቷ ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ መለማመጃ እንዲሆናት እኔ ጠያቂ ሆንሁ። መነጽሬን አድርጌ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጥሁ። እሷ ሳታንኳኳ ዘው ብላ ገባች። «ውጪ! አንኳኩተሽ፣ ግቢ ስትባዪ ትገቢያለሽ!» አልኳት። ወጣች። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ወረደ። ጎረቤታችን በየነች ያሰጣችውን ልብስ ልታነሣ ስትወጣ፣ የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል አቅፋ ደጃፌ ላይ የቆመችውን ልጅ አየች። የቀረውን ራሷ ጨመረችበት። እንባ የተባለውም የዝናብ ውሃ ነው።

ከዚያ «ስትጠየቂ ተነሥተሽ መልሺ» አልኳት። በእኛ ጊዜ ተቀምጦ የመለሰ ተማሪ መልሱ ትክክል ቢሆንም ዜሮ ነበር፤ አንተም ታስታውሳለህ። «እትዬ፣ አሁን እንዲህ አይደለም» ብላ አጉረመረመች፤ ግን ቆመች።

ፕሮጀክቱ ይህ ነው። በእኛ አገር ቡና ሲለቀም ዝናብ አይለቅም። አራት ተማሪዎች ሆነው ቡናውን በማስጫ አልጋ ላይ አስጥተው፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ እያለበሱ፣ ሳይሻግት የሚደርቅበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር። አሳምራ ተናገረች። «የተበላሸ ነገርስ ነበር?» ስላት «ምንም» አለች። ገሠሠ፣ ስትዋሽ ልክ እንደ አንተ ጆሮዋን ትነካለች። «ጆሮሽን ተዪና ንገሪኝ» አልኳት።

ከጓደኞቿ አንዱ ሻሚል የሚባል የጅማ ልጅ ነው። በዓል ሲመጣ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ለመውሊድ እሷ የእሱን ትጠብቃለች፣ ለመስቀል እሱ የእሷን። አምና መስቀልን እኔ ዘንድ ልትውል ስትመጣ «ዝናብ ከመጣ ሸፍነው» ብላው መጣች። ዝናብ መጣ፤ ሸፈነ። ፀሐይ ወጣች፤ ልጁ ያላዘዙትን አይነካምና ላስቲኩ እንደ ተዘጋ ዋለ፣ አደረ። እሷ የእኔን ዶሮ በልታ ስትመለስ ቡናው ታፍኖ የሻጋታ ጢም አብቅሏል።

«ይህን ባወራ የሻሚልን ስም ማጥፋት አይሆንብኝም?» አለችኝ። «ሻሚል ምን አጠፋ? ሸፍን አልሽው፣ ሸፈነ። ግለጥ ሳትዪ የሄድሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ሳቀችና «የእርስዎን ጥያቄ የቻለ ሰው የማንንም አይፈራም» አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ብቻዋን በሚኒባስ ሄደች። ልከተላት ብል እምቢ አለች። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ብድግ አለች። «ተቀመጪ» አሏት፤ ተቀመጠች። በሁለተኛውም ብድግ። አንዷ ሴትዮ ሳቋን እያፈነች «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» ብትላት «አክስቴ» አለች። በሦስተኛው ጊዜ አንዱ ሰውዬ «ተዉአት፣ ወንበሩ ቆርቁሯት ይሆናል» አለ።

እንደ ፈራሁትም ይኸው ሰውዬ ምን እንደ ተበላሸ ጠየቃት። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ሸፍን ብላ ግለጥ ሳትል መሄዷን፣ ለሁለተኛው ቡና ላስቲኩን በሽመል ቅስት ከፍ አድርገው ዳርና ዳሩን ለነፋስ መክፈታቸውን፣ ያም ያለ ሻጋታ መድረቁን። «ሻሚልስ?» አሏት። «ሻሚል የተባለውን ሠራ። ክፍት ቦታ ካላችሁ እሱንም ጥሩት» አለቻቸው። ሦስቱም ሳቁ።

ትናንት ተደወለላት፤ ተቀብለዋታል። ሰኞ ትጀምራለች፣ የቡና ማስጫዎቹን ልትቆጣጠር። መጀመሪያ እልል ያለችው በየነች ናት፤ ለወሬም ለእልልታም የሚቀድማት የለም።

እንግዲህ ለሚካኤል ልጅህን ለመውሰድ እንዳትመጣ። ለገና ናና በሥራዋ ላይ እያት፣ መርቃትም። እኔ ብቻዬን እንዳልሆን ከፈራህ አትፍራ። ቤቱ ጸጥ እንደሚል አውቃለሁ፤ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የሳምንቱን ልትነግረኝ ቃል ገብታለች። አንኳኩታ ትገባለች።

ለባለቤትህ ለሳባ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የላከችው በሶ ደርሶኛል፣ ጨው በዝቶበታል እንጂ ግሩም ነው። የልጅህ የብሩክ ያለፈው ደብዳቤ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነበር፤ ቢሆንም ስሜልኝ። ትንሿን ሜሮንን ሁለቱንም ጉንጯን።

ነገ ማለዳ መጀመሪያ መድኃኔ ዓለምን ተሳልሜ አመሰግናለሁ። ከዚያ መናኸሪያ ወርጄ ይህን ደብዳቤ ከፈለኝ ለሚባለው ሹፌር እሰጣለሁ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ለደብረ ብርሃን መኪና ያሻግርልኛል። ቀጥሎ ከአቢጊያ ጋር ቴፒ ሄደን የኪራይ ቤት እናያለን። አከራይዋን የምትጠይቀው እሷ ናት፤ እኔ ዝም እንድል አስምላኛለች። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ብቻ እጠይቃለሁ። ቆሜ።

እኅትህ ማናልሞሽ
ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር ፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.