የጠፋው ሃያ ሁለት ቮልት

ለውድ ወንድሜ ዑመይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? የጅዳ ሙቀት፣ ሥራው፣ አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ እንዴት ናቸው? በደንብ እየበላህ ነው ወይስ እንደ ልማድህ በሻይ ብቻ ነው የምትውለው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በቃጠሎው የተጎዳው የእማዬ እጅም ድኗል፤ ፋሻው ሳይፈታ ሥራዋን ጀምራ አርፈሽ ተቀመጪ ብንላት አልሰማ ብላናለች።

ይህን የምጽፍልህ ስልክ ማንሳት ስላቆምክ ነው። ጎረቤታችን አሚኑ ወደዚያ ስለሚሄድ በእጁ ያደርስልሃል። ማድ ቤታችን የተቃጠለ ዕለት አባባ በስልክ፣ አንተ የላክኸው ምድጃ እናትህን ሊገድላት ነበር እንዳሉህ አውቃለሁ፤ አጠገባቸው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ቀን ሙሉ ድምፅህ ጠፋ። ዑመይር፣ ጥፋቱ የምድጃውም ያንተም አይደለም፤ የኔ ነው።

ምድጃው እንደደረሰ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት ገመድ የሳብኩት እኔ ነኝ። ኮሌጅ ኤሌክትሪክ እየተማርኩ ሌላ ሰው መጥራት አሳፍሮኝ ነው። ገመዱ ቀጭን ነበር፤ አልደርስ ሲለኝ ሌላ ቁራጭ ቀጠልኩበት። የገመድ መጠቅለያ ናስትሮ አልነበረኝም። ቤታችንን ታውቀው የለ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ በቃጫ ያልታሰረ ነገር የለም። መቀጠያውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ እማዬ ከእንሰቱ የፋቀችውን ደረቅ ቃጫ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠመጠምኩበትና ከሣር ክዳኑ ሥር አሰርኩት። አባባም እጅሽ ይባረክ አሉኝ።

በሳምንቱ መምህራችን አዳነ ከቤታችን አንድ ዕቃ ለክተን እንድናሰላ አዘዙን። ቴስተር ተውሼ ምድጃው እየሠራ ለካሁት። ማድ ቤት 198 ቮልት፣ 9 አምፔር አገኘሁ። ቮልቱን ለአምፔሩ ሳካፍል የምድጃው ሬዚስታንስ 22 ኦም፣ ሳባዛቸው ኃይሉ 1782 ዋት ሆነ። ሙሉ ማርክ ተሰጠኝ፤ ኮራሁ። ቆጣሪው ጋ ግን 220 ቮልት ነበር፤ እሱንም በእጄ ጽፌዋለሁ። 22 ቮልት መንገድ ላይ የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም።

ከቃጠሎው በኋላ ደብተሬን ገልጬ አሰላሁት። 22 ቮልት በ9 አምፔር ሲባዛ 198 ዋት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ምድጃው ጋ ሳይደርስ ገመዱ ላይ፣ ይበልጡን ደግሞ እኔ አላልቼ በቋጠርኩት መቀጠያ ላይ ይቀር ነበር፤ ደረቅ ቃጫ ውስጥ። ምድጃህን መምህሬ ራሳቸው ለክተውታል፤ ዛሬም 22 ኦም ነው፤ ምንም አልሆነም።

ትናንት ደብተሩን ይዤ አባባ ፊት ቀረብኩ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ልጄን ያለ ጥፋቱ ነው ያስቀየምኩት ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ምሳቸውን ሳይበሉ ወጡ። እኔንም ይቅር በለኝ፤ ሃያ ቀን ዝም ማለቴ ከገመዱ ይብሳል።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ አንተ ትደውል ይሆናል እያለች ስልኩን ከእጇ አታወጣም። ታናሽ እህታችን ፈቲሀ ናፍቆቷ በዝቷል። አክስታችን ሃሊማ ዱዓ ታደርግልሃለች። አባባን ምን ልጻፍልዎ ብላቸው ብዙ አሰቡ። ለሰው ብለውት የማያውቁትን የይቅርታ ቃል ነው በመጨረሻ ያሉኝ፦ አባትህ አፉ በለኝ ብሎሃል በይው።

እህትህ ሳቢሪን
ቡታጅራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.