ቅሬታ ሳይሰማ እርቅ የለም ላሉን ለወ/ሮ ብሩክታይት ገብረወልድ

ለሰሌዳ የክፍት ሶፍትዌር ማኅበረሰብ አባላት፣ ለበጎ ፈቃደኞችና ለወዳጆቻችን በሙሉ፤

የአገራችንን ቋንቋዎች በስልክና በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችል ሶፍትዌር በነጻ የምናዘጋጅ በጎ ፈቃደኞች፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴያችንን ከምሥረታው ጀምሮ የመሩትን ወ/ሮ ብሩክታይት ገብረወልድን በሞት ተነጥቀናል። ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ገርጂ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም ሐሙስ ተፈጽሟል። ሀዘናችን ከባድ ነው። ባልደረቦቻቸው በመሆናችን የሚሰማን ኩራትም ከሀዘናችን አያንስም።

ወ/ሮ ብሩክታይት ሶፍትዌር ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት ጉድለቱን የሚፈትሹ ባለሙያ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥተው በመጻፊያችን ላይ ያገኙትን ስሕተት እየጻፉ ይልኩልን ጀመር። ማስታወሻቸው አጭርና ቁጣ የሌለበት ስለነበር፣ ስሕተቱን የሠራው ሰው እንኳ ደስ ብሎት ያነበው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጉርድ ሾላ ባደረግነው ጠቅላላ ጉባኤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። ኮሚቴው ይህን ያህል ሥራ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በነጻ ሊሠራ የተሰባሰበን ሰው ምን ያጣላዋል ብለን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አባላችን ወ/ሪት ራህማ ከድር፣ በፈቃዳቸው ስማቸውን እንጠቅሳለን፣ በማኅበረሰቡ መሥራች በአቶ ወንድወሰን ቢተው ላይ ቅሬታ አቀረቡ። አቶ ወንድወሰን የወ/ሪት ራህማን ሥራ በአባላት ሁሉ ፊት ደጋግመው አጣጥለዋል፣ ሰድበዋቸዋልም። ቦርዱ እንደ አገሩ ልማድ ትልልቅ አባላትን ሽማግሌ አድርጎ ላምበረት ወዳለው የወ/ሪት ራህማ ወላጆች ቤት ላከ። ሽማግሌዎቹ በቅን ልብ ሄደው ልጅቱ ቅሬታዋን ትተው ዘንድ ለመኑ። አባትም እንግዳ አክብረው እሺ አሉ። ወ/ሪት ራህማን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወ/ሮ ብሩክታይት ይህን ሲሰሙ ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ለቦርዱ አስታወቁ። የተናገሩት በቃለ ጉባኤያችን ሰፍሯል፦ «እኔም ሽማግሌ አከብራለሁ። ግን ይቺ ልጅ ተጣላሁ አላለችም፣ ተበደልኩ ነው ያለችው። መጀመሪያ እንስማት፤ እርቁ የትም አይሄድብንም።»

ይህን ማለት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። አቶ ወንድወሰን ወደ ማኅበረሰቡ ያመጧቸው ሰው ብቻ ሳይሆኑ የልጃቸው የአብኔዘር የክርስትና አባትም ነበሩ። ወ/ሮ ብሩክታይት ዝምድናውን ለሁለቱም ወገን በጽሑፍ አሳውቀው፣ ሌላ ሰብሳቢ ከፈለጉ ወንበሩን እንደሚለቁ ገለጹ። ሁለቱም እሳቸው እንዲቀጥሉ መረጡ። ኮሚቴው ቅሬታውን ሰምቶ፣ አቶ ወንድወሰን ለስድስት ወራት የሌሎችን ሥራ ከመገምገም እንዲታገዱና ስድቡ በተጻፈበት መድረክ ላይ ይቅርታ እንዲጠይቁ ወሰነ።

ማኅበረሰቡ ይፈርሳል ያሉ ነበሩ፤ ጥለውን የሄዱም ነበሩ። ሰብሳቢዋን ጨካኝ ያሏቸው ሰዎች ቃል ዛሬም ያንገበግበናል። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከልም ለረጅም ጊዜ ንፋስ ገብቶ ነበር። ሆኖም አቶ ወንድወሰን ውሳኔውን ፈጸሙ፣ ወ/ሪት ራህማም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ቅሬታ ማቅረብ ይፈሩ የነበሩ አባላት አንድ በአንድ ድምፃቸውን ማሰማት ጀመሩ። ይህ የወ/ሮ ብሩክታይት ሥራ ነው፤ እንኮራበታለን።

በ2015 ዓ.ም. ባረቀቁት ደንብ መሠረት ቅሬታ ያቀረበ ሰው ካልጠየቀ በቀር ማንም ለእርቅ ደጁ አይሄድም፤ የተከሰሰ ኃላፊም ጉዳዩ እስኪያልቅ ከኃላፊነቱ ይገለላል። በ2016 ዓ.ም. ለአንድ አባል መልስ አዘግይተዋል ተብለው በራሳቸው ላይ ቅሬታ ቀረበ። ወንበሩን ለምክትላቸው ለወ/ሮ ማኅደር ለቀው እንደማንኛውም ሰው ቀረቡ። ጥፋት ተገኘባቸው፣ ይቅርታም ጠየቁ።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው ለአብኔዘር፣ ለእናታቸው ለወ/ሮ ጥሩነሽ እንዲሁም አብረዋቸው ለደከሙት የኮሚቴው አባላት መጽናናትን እንመኛለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

በሀዘናችን ምክንያት የዚህ ሳምንት ስብሰባዎቻችን በሙሉ ተላልፈዋል። ቅዳሜ ሊሰማ የተቀጠረው ቅሬታ ግን አልተላለፈም። ቅሬታው የቀረበው በቦርዳችን ሰብሳቢ ላይ መሆኑን በራሳቸው ፈቃድ እንገልጻለን። ይህን መግለጫ መፈረም የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ደንቡን አክብረው ተገልለዋል። ቅሬታ ያቀረቡት አባል በተቀጠረው ቀን ይሰማሉ።

እንቁ ዓምደሚካኤል
የቦርዱ ምክትል ሰብሳቢ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ